ሶፍትዌሩ 89.99 ዲግሪ ብሏል፤ ታዲያ ብራኬቱ ለምን ተመለሰ?

ጥያቄው ይኸው፦ «ድሬዳዋ ነኝ፣ ማሽን ሾፕ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ። የኤል ቅርጽ ያለው የብረት ብራኬት እንሠራለን። መቀመጫው 40 ሚ.ሜ ስፋት አለው፣ ግድግዳው 160 ሚ.ሜ ቁመት። ድሮዊንጉ ግድግዳው ከመቀመጫው (ዳተም ኤ፣ ማለትም የልኬቱ መነሻ ገጽ) አንጻር ያለው ቀጤ ነክነት ከ0.05 ሚ.ሜ እንዳይበልጥ ይላል። ብራኬቱን በጎኑ አስተኝቼ በሲኤምኤም (በፕሮብ፣ ማለትም በመንኪያ ጫፍ፣ ነጥብ በነጥብ እየነካ ቅርጽ በሚለካው ማሽን) ከየፊቱ አራት አራት ነጥብ ወሰድኩ። የግድግዳውን የላይኛውን ክፍል ሞርሳው ስለያዘው የነካሁት ታችኛውን 70 ሚ.ሜ ብቻ ነው። ሶፍትዌሩ በሁለቱ ጠለሎች (ፕሌኖች) መሃል ያለው አንግል 89.99 ዲግሪ፣ ቀጤ ነክነቱ ደግሞ 0.012 ነው አለኝ። ደንበኛው ግን በራሱ ማሽን ለክቶ 0.068 ነው ብሎ መለሰልን። የድሬ ሙቀት ይሆን? ወይስ የእነሱ ማሽን ነው የተበላሸው?»

ሙቀቱንም የደንበኛውንም ማሽን ለጊዜው ተዋቸው። 0.012 የሚለው ቁጥር በሒሳብ አልተሳሳተም። የተጠየቀውን ግን አይመልስም። ድሮዊንጉ የጠየቀው ስለ ሙሉው ግድግዳ ነው፣ አንተ የመለስክለት ስለ ታችኛው 70 ሚሊሜትር ነው፣ እሱንም በአራት ነጥብ። (አንተ የምልህ በድሬ ወግ ነው፣ አትቀየመኝ።)

መጀመሪያ ዲግሪውን ከጭንቅላትህ አውጣው። ቀጤ ነክነት በድሮዊንግ ላይ ሲጻፍ አንግል አይደለም። በዓለም አቀፉ የድሮዊንግ ደረጃ በአይኤስኦ 1101 ብትሄድ፣ በአሜሪካኖቹ ደረጃ በዋይ 14.5 ብትሄድ፣ የሚለካው በሚሊሜትር ነው። እንዲህ አስበው። ለዳተም ኤ ፍጹም ቀጥ ብለው የቆሙ ሁለት ትይዩ መስታወቶች አሉ፣ መሃላቸው ያለው ክፍተት 0.05 ነው። የግድግዳው እያንዳንዱ ነጥብ፣ ከታችኛው ጠርዝ እስከ ላይኛው ጫፍ፣ እዚያ ክፍተት ውስጥ መግባት አለበት። ግድግዳው ቢያዘምም፣ ቢጎብጥ፣ ቢጠማዘዝ፣ መሃሉ ቢሰረጉድ፣ ሁሉም ከዚያችው 0.05 ላይ ነው የሚበላው። አንግል ግን የሚያውቀው ማዘመሙን ብቻ ነው። ሆዱ የጎደጎደ ግድግዳ ልክ 90 ዲግሪ ሊነበብና ከቶለራንስ (ከተፈቀደው ልዩነት) ውጭ ሊሆን ይችላል፣ ይህ በየቀኑ የሚያጋጥም ነገር ነው።

አሁን ሒሳቡን እንየው። 89.99 ማለት ከ90 በ0.01 ዲግሪ ጎድሏል ማለት ነው። ይህ በ100 ሚ.ሜ ርዝመት ላይ 0.0175 ሚ.ሜ ማዘመም ይሆናል። በ70 ሚ.ሜ ላይ 0.012 ነው። አየኸው? ሪፖርትህ ላይ ያለው ቁጥር ራሱ ነው። በ160 ሚ.ሜ ላይ ግን ያው ማዘመም 0.028 ይደርሳል። ሌላው ምንም ሳይነካ፣ ሙሉውን ቁመት ብቻ ብትለካ ቁጥርህ ከእጥፍ በላይ ይጨምራል።

ከዚህ ሌላ ጥርጣሬ ይወጣል። ቀጤ ነክነትህ ከአንግሉና ከርዝመቱ ብዜት ጋር እንዲህ ልክክ ካለ፣ ሶፍትዌርህ የነጥቦቹን መውጣትና መግባት ሳይሆን በነጥቦቹ መሃል ያለፈውን ለስላሳ ጠለል ብቻ ነው የገመገመው ማለት ሊሆን ይችላል። ቆየት ያሉ ሶፍትዌሮችና የድሮ ትእዛዞች ይህን ያደርጋሉ። አንዳንዶቹ እንዲያውም የማጣቀሻ ርዝመት አስገባ ይሉሃል፣ አንተም 160 ብለህ ትጽፍና ሁሉም የተስተካከለ ይመስልሃል። አልተስተካከለም። ያልነካኸውን 90 ሚሊሜትር ቀጥ ያለ ነው ብሎ ገምቶልህ ነው። ፒሲ-ዲሚስ የሚባለውን የሲኤምኤም ሶፍትዌር የምትጠቀም ከሆነ ከ2020 አር2 ጀምሮ «ጂኦሜትሪክ ቶለራንስ» የሚል ትእዛዝ አለው፣ እሱን ተጠቀም፣ የድሮውን «ሌጋሲ» ዳይሜንሽን ለዚህ ሥራ እርሳው። በሌላ ሶፍትዌርም ቢሆን የአንግል ትእዛዝ ሌላ ነው፣ የቀጤ ነክነት ትእዛዝ ሌላ ነው።

በነገራችን ላይ 89.99 የሚለው ንባብ ራሱ ለዚህ ቶለራንስ በቂ ጥራት የለውም። በሁለት አሃዝ ሲጠጋጋ እውነተኛው አንግል ከ89.985 እስከ 89.995 የትም ሊሆን ይችላል። በ160 ሚ.ሜ ላይ ይህ ከ0.014 እስከ 0.042 ነው። ከተፈቀደልህ 0.05 ግማሹን ያህል ሁለት አሃዝ ውስጥ ደብቀኸዋል ማለት ነው።

አራት ነጥብ ደግሞ አይበቃም። ጠለል ለማቆም ሦስት ነጥብ ይበቃል፣ በሦስት ነጥብ የሚቆም ጠለል ሁልጊዜ ፍጹም ነው፣ ብረቱ ገደል ቢሆንም። አራተኛው ነጥብ ስለ ጠፍጣፋነቱ የሆነች ፍንጭ ትሰጥሃለች፣ ከዚያ አትዘልም። ፍሬዛ (ብረት የሚፍቀው ማሽን) ያወጣውን ገጽ በጣትህ ስትዳስሰው የሚሰማህ ሞገድ አለ አይደል? አራቱም ነጥብ ከሞገዱ አናት ላይ ሊያርፍ ይችላል፣ ወይ ሁለቱ አናት ሁለቱ ጎድጓዳ። ያንኑ ብራኬት አውጥተህ መልሰህ ብትለካው ሌላ ቁጥር የሚሰጥህ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ወደ ዳተሙ።

ድሬ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም ደርሶ የፈጠራት ከተማ ናት፣ ከምድር ባቡር ወርክሾፕ የወጡ የድሮ ባለሙያዎች ደግሞ እዚህ ብርቅ አይደሉም። አንዱ ስኳድራ (90 ዲግሪ መፈተሻ የኤል ቅርጽ መሣሪያ) ሲይዝ አይተህ ከሆነ ነገሩን ታውቀዋለህ። የስኳድራውን ወፍራም ክንድ መቀመጫው ላይ ጥብቅ አድርጎ ያስቀምጣል፣ ቀጭኑን ክንድ ግድግዳው ላይ ያስጠጋል፣ ወደ ብርሃን ያዞርና በመሃል የሚሾልከውን ብርሃን ያያል። ወፍራሙ ክንድ የሚያርፈው የት ነው? የመቀመጫው ከፍ ያሉ ነጥቦች ላይ። ጉድጓዱ ውስጥ አይገባም። ድሮዊንጉ ዳተም ኤ ሲል የሚለው ይህንኑ ነው፣ ብራኬቱ ማሽኑ ላይ ሲታሰር የሚቀመጠውም በእነዚያው ነጥቦች ነው።

ሶፍትዌሩ ግን ካልነገርከው አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው ሌላ ነው። «ሊስት ስኩዌርስ» በሚባለው ስሌት ጠለሉን በነጥቦቹ መሃል ያሳልፈዋል፣ ከፊሉ ከላይ ከፊሉ ከታች ይቀራል። መቀመጫው ለጥ ያለ ከሆነ ልዩነቱ ኢምንት ነው። ጠማማ ከሆነ ግን የመሃሉ ጠለል ያዘነበለበት አቅጣጫና ብራኬቱ እውነት የሚቀመጥበት አቅጣጫ አይገጥሙም። አንዳንዱ ሶፍትዌር ይህንኑ የመሃል ጠለል ወደ ውጭ ገፍቶ ከፍተኛው ነጥብ ላይ ያሳርፈዋል። እሱ ለርቀት ልኬት ይጠቅማል፣ ለቀጤ ነክነት ግን ምንም አይለውጥም፣ ምክንያቱም ጠለሉ ተንቀሳቀሰ እንጂ አላዘነበለም። አንተ የምትፈልገው ከብረቱ ውጭ ሆኖ ከፍ ያሉትን ነጥቦች የሚነካውን ነው። በሶፍትዌሩ ዝርዝር ውስጥ «ኮንስትሬንድ» ወይም «ታንጀንት» የሚል ስም ይኖረዋል። መቀመጫው መሃሉ ላይ ያበጠ ከሆነና ብራኬቱ እንደ አሮጌ በርጩማ ወዲህ ወዲያ የሚል ከሆነ አቀማመጡ ብዙ ነው፣ ያኔ «ኮንስትሬንድ ሊስት ስኩዌርስ» ያለው ሶፍትዌር አንድ የተረጋጋ አቀማመጥ ይመርጥልሃል። ዋናው መድኃኒት ግን የመቀመጫውን አለመወላገድ ማረጋገጥ ነው።

ይህን ሁሉ የማወራው የአንተ ብራኬት መቀመጫው አጭር፣ ግድግዳው ረጅም ስለሆነ ነው። 40 ለ160፣ አራት እጥፍ። መቀመጫው አንድ ጠርዝ ላይ 0.005 ሚ.ሜ ስህተት ብታስገባ ግድግዳው አናት ላይ 0.020 ሆኖ ይወጣል። አንድ ጠርዝ ላይ የቀረች ሹል ቅርፊት፣ ከፍሬዛው ዘይት ጋር የተጣበቀች ብናኝ፣ ወይ አራተኛዋ ነጥብህ ያረፈችበት ጭረት ለዚህ ትበቃለች። የሰው ፀጉር 0.07 ሚ.ሜ ገደማ ውፍረት አለው። ከፀጉር ሰባት እጥፍ የቀጠነ ነገር ከመቀመጫው ጫፍ ሥር ቢገባ አናቱ ላይ 0.04 ይሆናል። ከድሬ ሙቀት ይልቅ የድሬ አቧራ ነው የሚፈራው።

ታዲያ ይህን ሲሰማ አንዳንዱ ብልጥ ልሁን ይላል። ግድግዳው ረጅም ስለሆነ እሱን ዳተም ላድርገው፣ መቀመጫውን ከእሱ አንጻር ልለካው፣ አንግሉ ያው አይደል? አንግሉ ያው ነው። ቁጥሩ ግን አይደለም። ያው 0.01 ዲግሪ በ40 ሚ.ሜ ላይ 0.007 ብቻ ይሆናል፣ ሪፖርቱም ቆንጆ ይመስላል። ይህ ማጭበርበር ነው፣ ሳታስበው ብታደርገውም። ዳተሙን የሚመርጠው ድሮዊንጉ ነው። አጭር ዳተም ካስቸገረህ ንድፉን ለሠራው ሰው ጻፍለትና ይቀይረው፣ አንተ ግን ሶፍትዌሩ ውስጥ ገብተህ አትገልብጠው።

ሙቀቱ ላይ ልመለስ፣ ስለጠየቅክ። የልኬት ሁሉ መነሻ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፣ ድሬ ደግሞ በግንቦት 35ን ስታልፍ አትደነግጥም። ብረት በየዲግሪው በሜትር 11.5 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ገደማ ይረዝማል። 15 ዲግሪ ከፍ ቢል 160 ሚሊሜትሩ 0.028 ያህል ይጨምራል። ለርዝመት ልኬት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለቀጤ ነክነት ግን ሁሉም ጎን እኩል ከሞቀ አንግሉ ንቅንቅ አይልም፣ ብራኬቱ ልክ እንደ ፎቶ ነው የሚተልቀው። የሚጎዳህ እኩል ያልሆነ ሙቀት ነው። ብረቱ ራሱ ቀጭን ስለሆነ ሙቀቱን በደቂቃዎች ያዳርሰዋል። የማሽኑ የግራናይት ጠረጴዛ ግን ቀርፋፋ ነው፣ ከላይ በመስኮት ፀሐይ አግኝቶት ከሥር ቀዝቃዛ ከሆነ ይጎብጣል፣ ማሽኑም አብሮ ይወላገዳል። ማቀዝቀዣው ቀጥታ ማሽኑ ላይ የሚነፋ ከሆነ አዙረው። ማታ አጥፍታችሁት ጠዋት ስትገቡ ከፍታችሁ ወዲያው መለካት ከጀመራችሁ ደግሞ ያ ሌላ ችግር ነው። በደፈናው «ሙቀት ነው» ብሎ ለደንበኛ መጻፍ ግን አያዋጣም፣ ትንሽ የሚያውቅ ሰው ይስቅብሃል።

ሞርሳው አሁንም ያስጨንቀኛል። የኤል ቅርጽ ያለው ብረት ግድግዳውን በሞርሳ ጥርቅም አድርገህ ይዘህ ስትለካ የምትለካው የተጣመመውን ብረት ነው። ስትፈታው ይመለሳል። ደንበኛው ደግሞ የለካው ተፈትቶ ሊሆን ይችላል። በጎኑ አስተኝተህ በሦስት ነጥብ ላይ አሳርፈው፣ ከላይ በቀላሉ ጫን የሚያደርግ ነገር ይብቃው፣ ግድግዳው ሁለቱም ጫፍ ነጻ ይሁን።

የደንበኛውን 0.068 እንደ ወንጌል አልወስደውም። አንድ የተለመደ ስህተት አለ። ድሮዊንጉ ላይ ዳተም ኤ ብቻ ካለ እነዚያ ሁለት መስታወቶች ለመቀመጫው ቀጥ ብለው ይቁሙ እንጂ በቁም ዘንግ ዙሪያ እንደ በር መዞር ይችላሉ፣ ግድግዳውን በሚመቻቸው ጎን ያቅፉታል። ለኪው አላይመንቱን (የልኬቱን ዘንጎች አቅጣጫ) በሌላ ጎን አስሮ፣ የግድግዳውን ነጥቦች ትልቁንና ትንሹን ኤክስ ወስዶ ቢቀንስ፣ ግድግዳው ከዚያኛው ጎን ጋር ያለው ጠማማነት ሁሉ ይጨመርበታል፣ ድሮዊንጉ ግን ያንን አልጠየቀም። ሁለተኛ ዳተም ቢ ከተጻፈ ግን ዞሩ ይታሰራል፣ ያኔ ልክ ናቸው። እንዲሁም አንዲት አቧራ ላይ ያረፈች ነጥብ ካለችበት ቁጥሩ ይዘልላል። ስለዚህ የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ አትቀበል፣ የነጥቦቹን ዝርዝር፣ ዳተሙን በምን ስሌት እንዳቆሙትና ማጣሪያ እንደተጠቀሙ ጠይቃቸው። አንተም የራስህን ላክ። እስካሁን ካየሁት የሁለት ወገን ክርክር አብዛኛው የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው።

ማሽንህን የምትጠረጥር ከሆነ አንድ ርካሽ ፈተና አለ። በጎኑ የተኛውን ብራኬት ለካና አንግሉን በአራት አሃዝ ጻፈው። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ 90 ዲግሪ አዙረህ እንደገና ለካው። የማሽኑ ኤክስና ዋይ ዘንጎች ራሳቸው ለእርስ በርስ ቀጥ ካልሆኑ ስህተቱ በሁለተኛው ልኬት ምልክቱን ይገለብጣል። የሁለቱ ንባብ ልዩነት ግማሽ የማሽኑ ነው፣ አማካዩ ደግሞ የብራኬቱ። ብራኬቱን አቁመህ የምትለካ ከሆነ ግን በቁም ዘንጉ ዙሪያ 180 ዲግሪ ነው የምታዞረው። መቀመጫውን በአንድ የፕሮብ አቅጣጫ፣ ግድግዳውን በሌላ አቅጣጫ የምትነካ ከሆነ ደግሞ ሁለቱንም በዚያው ቀን በዚያው የማመሳከሪያ ኳስ ላይ ካሊብሬት አድርጋቸው። የስታይለሱ፣ ማለትም የፕሮቡ መንኪያ፣ ዘንግ (ጫፉ ላይ ያለው ኳስ ሳይሆን) ግድግዳውን እንዳይነካም ተጠንቀቅ፣ ጥልቅ ስትገባ ይህ ይከሰታል፣ ሶፍትዌሩም አያውቅብህም።

እንግዲህ እኔ በአንተ ቦታ ብሆን የማደርገው ይህ ነው፣ ሌላ አማራጭም አልሰጥህም። ብራኬቱን አጥበህ ጠርዙን በለስላሳ ድንጋይ አሸው። ሳትጨቁነው አስተኛው። ከመቀመጫው ቢያንስ 25 ነጥብ፣ ከጠርዙ 2 ወይ 3 ሚ.ሜ ብቻ ገባ ብለህ፣ 40ውን ሚሊሜትር ዳር እስከ ዳር ሸፍን። ከግድግዳው ቢያንስ 40፣ እስከ አናቱ። ስካን የሚያደርግ ፕሮብ ካለህ እሰየው። መጀመሪያ የሁለቱንም ፊት ጠፍጣፋነት ለብቻው አውጣ፣ ግድግዳው ብቻውን ከ0.05 በላይ ከጎበጠ ስለ ቀጤ ነክነቱ ማውራት ትርፍ ነው። ከዚያ ዳተሙን ከፍ ባሉ ነጥቦች አቁመህ በቀጤ ነክነት ትእዛዙ ገምግም። አንስተህ፣ መልሰህ አስቀምጠህ፣ ሦስት ጊዜ ድገመው። ሦስቱ ከ0.005 በላይ ከተለያዩ ሪፖርት አትላክ፣ አያያዝህን ፈትሽ። ውጤቱ 0.048 ከመጣ ደግሞ አልፏል ብለህ አትፈርም። በአይኤስኦ 14253-1 መደበኛ ደንብ አምራቹ የልኬቱን ጥርጣሬ (ልኬቱ ሊስት የሚችልበትን መጠን) ከራሱ ድርሻ ላይ ነው የሚቀንሰው፣ ጥርጣሬህ 0.006 ከሆነ የአንተ መስመር 0.044 ገደማ ላይ ነው።

ሲኤምኤሙን የማያምን አለቃ ካለህ ብራኬቱን ንጹሕ ግራናይት ላይ በመቀመጫው አቁመው፣ አጠገቡ የታወቀ ማስተር ስኳድራ አቁም። ዲያል ጌጅህን (ጥቃቅን ልዩነትን በመርፌ የሚያሳየውን መለኪያ) ከሥሩ ቋሚ ማረፊያ ካለው ማቆሚያ ጋር አድርገህ መጀመሪያ ስኳድራው ላይ ዜሮ አድርገው፣ ከዚያ ግድግዳው ላይ በተለያየ ከፍታ አንብብ። ግራናይቱ ራሱ ዳተሙን በከፍተኛ ነጥቦች ስለሚያቆምልህ የሶፍትዌር ክርክር የለውም። የማያሳይህ ነገር ቢኖር ባነበብክባቸው መስመሮች መሃል ያለውን ነው።

የተመለሰውን ብራኬት ገና ወደ ስክራፕ አትጣለው። እንደገና ስትለካው ችግሩ በአብዛኛው ማዘመም ሆኖ ከተገኘና ግድግዳው ራሱ ለጥ ያለ ከሆነ፣ ግድግዳውን አትንካው። 0.028 ያዘመመን ግድግዳ ለማቅናት ከመቀመጫው አንድ ጠርዝ ላይ 0.007 ሚ.ሜ ብቻ፣ ወደ ሌላኛው ጠርዝ እየሳሳ ዜሮ እስኪሆን፣ መውሰድ ይበቃል። ግራይንደር ላይ ጥሩ እጅ ካለ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፣ የጠቅላላ ቁመቱ ቶለራንስ የሚፈቅድ መሆኑን ብቻ ቀድመህ እይ።